የማድ ቤቱ ጢስና የምድር ሙቀት

ለጥናት፦ ዘፍጥረት 2፥15

ሰው ምድርን በአደራ የተቀበለ ሠራተኛ እንደ ሆነ ከዚህ ክፍል እንማራለን። ይህን አደራ ከየት እንጀምር? ከማድ ቤታችን ብንጀምር መልካም ነው።

በሦስት ጉልቻ እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ የሚያነባ እናት፣ በጀርባዋም የሚያስል ሕፃን ሁላችንም አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ጢሱ ግን ከጣሪያው በታች አይቀርም። ግድግዳችንን የሚያጠቁረው ጥላሸት ወደ አየር ወጥቶ የፀሐይን ብርሃን ይውጣል፤ ሙቀትንም ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብዙ መቶ ዓመታት በአየር ላይ ሲቆይ፣ ጥላሸት በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ጥላሸትን ብንቀንስ ጥቅሙ ለልጅ ልጆቻችን ብቻ ሳይሆን ለእኛም ፈጥኖ ይደርሳል።

ምርጥ ምጣድ እሳቱን ከልሎ ስለሚይዝ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ዛፉም ይተርፋል። ሆኖም እርጥብ እንጨት ከማገድን፣ ጉልቻውንም ጎን ለጎን ካነደድን ጢሱ ይቀጥላል። እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞችም ያከፋፈልነውን ምጣድ ቆጥረን ሪፖርት እንጽፋለን እንጂ፣ ተመልሰን ማድ ቤቱን የምናየው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ድካማችንን በጌታ ፊት እንናዘዝ።

ለመወያያ፦
1. በጉባኤያችን ጢስ የበዛበት ማድ ቤት የማን ነው?
2. በዚህ ወር ሄደን ምን እናግዛት?