ካውንስል ሥራ ለጀመርሽው ለእህቴ ልጅ

እንኳን ደስ ያለሽ! ለንደን ውስጥ ከኤጀንሲ ወጥቶ በካውንስል ቋሚ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የሚጀምሩ ልጆቻችን ደመወዙ ስንት እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ ማን እንደሚወስነው ግን የሚጠይቀኝ የለም። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

1. ደመወዝሽን አለቃሽ አይወስነውም። አገር ቤት የመንግሥት ሠራተኛ እርከኑም ጭማሪውም ከላይ ይወርድለታል፤ አዋጅ 1156/2011 የኅብረት ስምምነትን ቢደነግግም የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። እዚህ ግን የእንግሊዝ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ አብዛኞቹ ካውንስሎች ከሦስት ማኅበራት ጋር ማለትም ከዩኒሰን፣ ከጂኤምቢና ከዩናይት ጋር በአንድ ብሔራዊ ምክር ቤት ይደራደራሉ። ስምምነቱ ግሪን ቡክ በሚባል መጽሐፍ ሰፍሯል። ከ1997 በፊት የጉልበት ሠራተኛው በሳምንት 39 ሰዓት፣ የቢሮው 37 ሰዓት ይሠሩ ነበር። የሁለቱን ሰዓት እኩል ያደረገው የዚያ ዓመት ስምምነት ነው፤ ለንደን ውስጥ 36 ነው።

2. መጽሐፉን ስታነቢ ክፍል ሁለትንና ክፍል ሦስትን ለይተሽ እወቂ። የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ክፍያ ክፍል ሁለት ውስጥ ናቸው። የትርፍ ሰዓት፣ የሌሊትና የቅዳሜና እሑድ ክፍያ ግን ክፍል ሦስት ውስጥ ስለሆኑ እያንዳንዱ ካውንስል ከማኅበራቱ ጋር ተደራድሮ ሊቀይራቸው ይችላል። ብዙዎቹም ቀይረዋል። ስለዚህ ጓደኛሽ በሌላ ካውንስል እሑድ ሠርታ አንድ ተኩል እጥፍ ስለተከፈላት አንቺም ይከፈልሻል ማለት አይደለም። የአካባቢውን ስምምነት ቅጂ ከሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ፤ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚል መልስ አትቀበዪ።

3. ስትታመሚ ፈቃድሽን አትብዪበት። የእኛ ሰው ትኩሳት ይዞት እንኳ ሥራ መሄድን ጨዋነት አድርጎ ያየዋል። የመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ አለሽ፤ አራት ወር ካገለገልሽ የሁለት ወር ግማሽ ይጨመርበታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስት ወር ሙሉ፣ ስድስት ወር ግማሽ ይሆናል። ወደ ሌላ ካውንስል ስትዛወሪ መሐል ላይ ክፍተት ካልፈጠርሽ አገልግሎትሽ አብሮሽ ይሄዳል።

4. ጭማሪው የሚታሰበው ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ነው፤ ድርድሩ ግን ይዘገያል። የ2022ም የ2023ም ስምምነት የተፈረመው በኖቬምበር ነው። በሁለቱም ዓመት ብሔራዊው ጭማሪ ለብዙኃኑ 1,925 ፓውንድ ነበር፤ በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ መሆኑ ዝቅተኛ ተከፋዩን ጠቅሟል። ለንደን የራሷ ሠንጠረዥ ስላላት ያንቺን ከዚያ ተመልከቺ። በመሐል ሥራ ከለቀቅሽ ውዝፉን ጠይቂ፤ ብዙ ካውንስሎች ለለቀቀ ሠራተኛ የሚከፍሉት ከጠየቀ ብቻ ነው።

5. የሥራ መደብሽ እንዴት እንደተመዘነ እወቂ። በርሚንግሃም ውስጥ ቆሻሻ የሚያነሱና መንገድ የሚሠሩ ወንዶች ቦነስ ሲያገኙ፣ በምዘና እኩል የወጡ የጽዳት፣ የምግብ ቤትና የእንክብካቤ ሠራተኛ ሴቶች አያገኙም ነበር። ሴቶቹ ከሰሱ፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራ የለቀቁት ሳይቀሩ በመደበኛ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችሉ ወሰነ። በሴፕቴምበር 2023 ካውንስሉ ከግዴታ ውጪ ያለ አዲስ ወጪ በሙሉ አገደ፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር። ሰዎች ከተማዋን ያከሰሯት ሴቶቹ ናቸው ሲሉ ስሰማ እናደዳለሁ። ዕዳው ለዓመታት ሳይከፈላቸው የቀረ የራሳቸው ገንዘብ ነው።

6. ማኅበር ግቢ፤ ነገር ከመጣ በኋላ ሳይሆን አሁን። ማኅበራቱ ከመግባትሽ በፊት ለተነሳ ጉዳይ በአብዛኛው አይቆሙልሽም። የምርጫ ፖስታ ሲመጣልሽ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አትርሺው። በ2016 የወጣው ሕግ አድማ ሕጋዊ እንዲሆን ቢያንስ ግማሹ አባል ድምፅ እንዲሰጥ ጠይቋል፤ ተቃውመሽም ቢሆን ላኪው።

7. ኤጀንሲ ለቀረችው ጓደኛሽ ንገሪያት፦ አንድ ቦታ 12 ሳምንት ከሠራች በኋላ መሠረታዊ ክፍያዋና ፈቃዷ ካውንስሉ በቀጥታ ቢቀጥራት ከምታገኘው ማነስ የለበትም።

8. ከጡረታ መዋጮው አትውጪ። «አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለብኝ» ትዪኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ። ከበዛብሽ መዋጮውን በግማሽ አድርገሽ ግማሽ ጡረታ የምታጠራቅሚበት አማራጭ አለ። ያን ብትመርጪም፣ ሥራ ላይ እያለሽ ብትሞቺ የሚከፈለው የሦስት ዓመት ደመወዝሽ አይቀንስም። እግዜር ያርቀውና፣ ለማን እንዲሰጥ እንደምትፈልጊ የምትገልጪበት ቅጽ አለ፤ አገር ቤት ያለችውን እናትሽን መጻፍም ትችያለሽ። ቅጹን ከጡረታ ክፍሉ ጠይቂና በዚህ ሳምንት ሙዪው።