የቆሮሶ ጫጩቶችን ከአዲስ ገንዳ ጋር ማላመድ፦ ለጅማና አካባቢዋ ተመራማሪዎች

በዓሣ ላይ የሚካሄድ የቤተ ሙከራ ጥናት ገና ሳይጀመር ሊበላሽ ይችላል። ጫጩቶቹ ወደ ገንዳ በገቡባቸው የመጀመሪያ ቀናት ቢሞቱ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው ግን ሳይሞቱ ተጨንቀው ሲቆዩ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ ምግብ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይዘገያል፤ ተመራማሪውም ይህን የመኖው ወይም የሌላ ተለዋዋጭ ውጤት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ ማላመድ የጥናቱ ዘዴ አካል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከግልገል ጊቤ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚገኘውንና በአገራችን የዓሣ እርባታ ቀዳሚ የሆነውን ቆሮሶን መነሻ በማድረግ ጉዳዩን ይመረምራል።

የበሰለ ገንዳ ምን ማለት ነው?

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወግዳል። በማጣሪያው ላይ የሚያድጉ እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ እንደ ናይትሮስፒራ ያሉት ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ሆኖም ዑደቱ ተጠናቀቀ ማለት ገንዳው ማንኛውንም ያህል ዓሣ ይሸከማል ማለት አይደለም። የባክቴሪያው ብዛት የሚመጠነው ሲቀርብለት በቆየው የአሞኒያ መጠን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ለባክቴሪያው የሚበጀው ዓሣውን ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ቆሮሶ ግን ክልሉን የሚያስከብር ዓሣ በመሆኑ ቀድሞ የገባው ዘግይቶ የመጣውን ያጠቃል። መፍትሔው ገንዳውን ያለ ዓሣ በአሞኒየም ክሎራይድ መመገብና ጫጩቶቹን በአንድ ቀን ማስገባት ነው። በሊትር 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ከወረዱ ገንዳው ለመጠነኛ ጭነት ዝግጁ ነው።

የጉዞው አደጋ

ሰበታ ከሚገኘው ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ጫጩት የሚያመጣ ተመራማሪ እስከ ጅማ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በታሸገው ፌስታል ውስጥ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብረው ይከማቻሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የውኃውን ፒኤች ስለሚያወርድ አብዛኛው አሞኒያ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው በአሞኒየም መልክ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹም ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል በፒኤች 6.5 ከጠቅላላው 0.2 በመቶ ያህል ሲሆን በፒኤች 8 ግን ከ5 በመቶ ይበልጣል።

ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ ፌስታሉን ከፍቶ ለሰዓታት የገንዳ ውኃ ማንጠባጠብ ለዓሣው ይበጃል ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም ሊጎዳው ይችላል። የሚሻለው ፌስታሉን ሳይከፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በገንዳው ላይ በማንሳፈፍ ሙቀቱን ማቀራረብ፣ ከዚያም ከፍቶ ዓሣውን ሳይዘገዩ በመረብ ማሻገር ነው። የፌስታሉ ውኃ ወደ ገንዳው አይጨመርም። ጫጩቶቹ ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን ያህል ካልተመገቡ የሚከማቸው አሞኒያ ይቀንሳል።

የጅማ ልዩ ሁኔታዎች

አንደኛው የኦክስጅን ጉዳይ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በ25 ዲግሪ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ ግን 8.3 ገደማ ነው። ዓሣውም ባክቴሪያውም የሚሻሙት ከዚህ አነስተኛ ክምችት ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ስለሚጎዱ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በበጋ ሌሊት የጅማ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ትንሽ ገንዳም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ቆሮሶ ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምግብ ይቀንሳል፣ የባክቴሪያውም ሥራ ይዘገያል። ማሞቂያ ከቴርሞስታት ጋር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የውኃው ምንጭ ነው። በአጋሮ፣ በጎማና በሊሙ አካባቢ እሸት ቡና በሚታጠብበት ወቅት ከመፈልፈያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ በስኳር የበለጸገ በመሆኑ ወንዝ ሲገባ ይቦካል፤ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ፒኤችንም ያወርዳል። በዚህ ወቅት ከጣቢያ በታች የተቀዳ የወንዝ ውኃ የበሰለውን ገንዳ መልሶ ጥሬ ሊያደርገው ይችላል፤ ፒኤች ከ6 በታች ሲሆን የባክቴሪያው ሥራ በእጅጉ ይዳከማልና። ባክቴሪያው ራሱም አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለውጥ 7 ሚሊ ግራም ያህል አልካሊኒቲ ስለሚፈጅ፣ አልካሊኒቲው ዝቅተኛ በሆነ ውኃ ላይ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ ማጣሪያው ውስጥ ማኖር ይረዳል። የቧንቧ ውኃ ጥቅም ላይ ከዋለ ክሎሪኑ አስቀድሞ መወገድ አለበት፤ ማጣሪያውም በቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይታጠብ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

በመጀመሪያው ቀን ብርሃን ይቀነስ፣ መደበቂያ የሚሆኑ የቧንቧ ቁርጥራጮች ይቀመጡ፣ መኖም አይሰጥ። ከዚያ በኋላ መኖ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመር። አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለኩ። ናይትራይት ከታየ ከፊሉን ውኃ መቀየር፣ በሊትር 1 ግራም የምግብ ጨው መጨመርም ይገባል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባና የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከመሸከም እንዳያግደው ይከላከላል። ሙከራው መጀመር ያለበት ዓሣው በሙሉ ፍላጎት ሲመገብና ልኬቶቹ ለተከታታይ ቀናት ሳይለዋወጡ ሲቆዩ ነው።

በመመረቂያ ጽሑፎች የዘዴ ክፍል ውስጥም የጫጩቶቹ ምንጭ፣ የጉዞው ርዝመት፣ የማላመጃው ቀናትና ከሙከራው በፊት የሞቱት ዓሦች ቁጥር ሊጠቀሱ ይገባል። እነዚህ ካልተገለጹ ሌላ ተመራማሪ ውጤቱን ከመኖው ይሁን ከገንዳው የመጣ መሆኑን ሊለይ አይችልም።