አኮ ስማችንን ስትረሳ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ለእረፍት ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ወይም ወደ በቆጂ ስንገባ አያታችን፣ አኮ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብላ ደጋግማ ልትጠይቅ ትችላለች። የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ እርግማን ወይም የኢማን ድክመት አይደለም። ሱረቱ አን-ነሕል 16፡70 ካወቁ በኋላ ምንም ወደማያውቁበት ዕድሜ የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉ ይነግረናል።

በሱረቱል ኢስራእ 17፡23 ደግሞ ወላጆች እኛ ዘንድ ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ታዘናል። አያትም ወላጅ ናት። «ኡፍ» የሚያሰኘን የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይሆን አሥረኛው ነው፤ ትእዛዙም የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ሶላቷን ብትረሳ ወይም ደጋግማ ብትሰግድ አንቆጣት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አእምሮውን ካጣ ሰው ላይ ብዕር እንደተነሳ አስተምረዋል።

ጠዋት ያጎረስናትን ከሰዓት አታስታውሰውም፤ አታመሰግነንምም። ታዲያ ለማን እንደክማለን? ኢኽላስ የሚለየው እዚህ ነው፤ ሥራችንን የማይረሳው አላህ ብቻ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱን የምትነሳላት ግን ብዙ ጊዜ እቤት የቀረችው እህታችን ናት። በዚህ እረፍት ሌሊቱን እኛ እንረከብ፤ እሷም ትተኛ።

አላህ ለአረጋውያኖቻችን ራሕመቱን፣ ለእኛም ሰብሩን ይስጠን። አሚን።