ነዳይ ማን ነው? ተቃራኒውስ?

በግእዝ መጻሕፍት ንዴት የሚለው ቃል «ነድየ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ማጣትንና መቸገርን ያመለክታል። በአማርኛችን ግን ንዴት «ነደደ» ከሚለው መጥቶ ቍጣ ማለት ስለ ሆነ፥ ከግእዙ ጋራ ድምፅ እንጂ ትርጓሜ አያገናኘውም። ድኽነትና ድኅነትም እንዲሁ ናቸው፤ የፊተኛው ማጣት፥ የኋለኛው መዳን ነው። በኸና በኀ ለይቶ መጻፍ የፊደል ጌጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ፊደል የሚጽፍ ሰው ጌታ ለዓለም ያመጣውን መዳን ማጣት አስመስሎ ያስነብባል።

ተቃራኒውን ስንፈልግ በግእዝ ብዕል፥ በአማርኛ ባለጸግነት እናገኛለን። ባለጸጋ የሚለውን ስም ልብ ይሏል፤ ጸጋ እንዲያው የሚሰጥ ስጦታ ነውና፥ አማርኛ ሀብታሙን ሲጠራው ተቀባይ መሆኑን በስሙ ውስጥ ነግሮታል።

እንግሊዞች የድኽነትን ጽኑ ደረጃ «ዴስቲትዩሽን» ይሉታል፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን ተጥሎ ብቻ መቅረትን ያሳያል። የእኛም ሕዝብ ይህንኑ «ጧሪ ቀባሪ ያጣ» ብሎ ገልጦታል። በዚህ አካሄድ እንግዲህ የንዴት ተቃራኒ ብዕል አይደለም፤ ሰው ማግኘት ነው።

ለምሳሌው ሩቅ አንሄድም። በጎጃም፥ በዱርቤቴ፥ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር፥ ቅኔ ሊማር ከአገሩ የወጣ የቆሎ ተማሪ (ጎጃም የዋሸራ ቅኔ አገር መሆኗ የታወቀ ነው) ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል። ውሻ እየጮኸበት የሚያገኘው ቍራሽ ነው። ገንዘብም መሬትም የለውም፤ ነገር ግን መምህር አለው፥ ባልንጀራ አለው፥ የገበሬው ሚስትም እንደ ልጇ ታየዋለች። ስለዚህ ነዳይ ቢባልም የተጣለ አይባልም። በዚያው አጥቢያ ግን ልጆቿ የሞቱባት አሮጊት ብትኖር፥ መሬት እያላት፥ በሬ የሚያቀናጅላት፥ ደቦ የሚጠራላት ብታጣ፥ መሬቷ ጦም ያድርባታል። ንብረት ሲቈጠር ከተማሪው እርሷ ትበልጣለች፤ የከፋው ማጣት ግን የእርሷ ነው።

የነዌና የአልዓዛር ታሪክም (ሉቃ. 16፥19-31) ይህን ያስረዳል። ነዌ የአልዓዛርን ገንዘብ ቀማ አልተባለም፤ በደጁ ወድቆ ሳለ ወደ እርሱ የቀረቡት ግን ቍስሉን የላሱት ውሾች ናቸው። በሐዋርያት ዘመን (ሐዋ. 4፥34-35) ከምእመናን መካከል ችግረኛ አልነበረም፤ ይህም ሁሉ ባለጸጎች ስለ ሆኑ ሳይሆን፥ መሬትና ቤት የነበራቸው ሸጠው ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው ስለ ተከፈለ ነው።

ማቴዎስ (5፥3) «በመንፈስ» የሚል ሲጨምር፥ ሉቃስ (6፥20) ድኾችን እንዲያው ይጠራል። በመንፈስ ድኻ መሆን ትሕትና ነው፤ ይህን ጠቅሶ የተራበውን ሰው «ብፁዕ ነህ» ብሎ የሚያሰናብት ሰባኪ ሁለቱን ወንጌላውያን አላስተያየም።

የነፍስ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል። ግንቦት ሳያልፍ በሰንበቴ ላይ የማን መሬት ሳይታረስ እንደ ቀረ ቢጠይቅ፥ በሬ ያለው ሁሉ በዚያው ተቀምጧል።