ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የተሠራ ሙዚየም

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መንግሥት ያሠራው ሕንፃ፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዘውድና «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነው። ታዲያ ገንዘብም ዘውድም የሌላቸው ሰዎች የሰፈራቸውን ታሪክ ማቆየት ቢፈልጉ ከየት ይጀምራሉ? እኔ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ያለው የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ነው።

ዲስትሪክት ሲክስ በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋ ስድስተኛ ወረዳ ሆኖ የተከለለ ሰፈር ነው። ከባርነት የወጡ ሰዎች፣ ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና ከባሕር ማዶ የመጡ ስደተኞች በአንድነት ይኖሩበት ነበር። በ1966 የአፓርታይድ መንግሥት ቦታውን «ለነጮች ብቻ» ብሎ አወጀ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ60,000 በላይ ሰዎች ከከተማ ውጭ ወዳለው የኬፕ ፍላትስ ሜዳ ተወሰዱ፤ ቤቶቹን ዶዘር አፈረሳቸው። ቆመው ከቀሩት ጥቂት ሕንፃዎች መካከል ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ይገኙበታል።

የቀድሞ ነዋሪዎችና አጋሮቻቸው በ1989 ማኅበር አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ሕንፃም ሆነ ቅርስ ገና አልነበራቸውም። በ1994 መጨረሻ በአንድ አሮጌ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ የታሰበ ዐውደ ርእይ ከፈቱ፤ ሰዉ መምጣቱን ስላላቆመ በዚያው ቀረ። (ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሲጸና ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም።)

ያሳዩት ምን ነበር? አንደኛው የመንገድ ስም ሰሌዳዎች ናቸው። በማፍረሱ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ፎርማን መጣል የነበረባቸውን ሰሌዳዎች ቤቱ ደብቆ አቆይቷቸው ነበር። የሥራው ዋና ብልሃት ግን መሬት ላይ የተነጠፈው ትልቅ የሰፈሩ ካርታ ነው። የድሮ ነዋሪ ሲመጣ መንገዱን ፈልጎ፣ ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ ስሙን በእጁ ይጽፋል።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ምን እንደሚሠራ በዝግታ እንየው። ሰውየው ስሙን ሲጽፍ የጎረቤቱን ስም ያያል። ሱቁ በየትኛው ማዕዘን እንደነበረ ከሌላው ጋር ይከራከራል። ለቅሶ ቤት አንዱ የጀመረውን ጨዋታ ሌላው እንደሚቀጥለው፣ ትዝታ ትዝታን ይጎትታል። ሙዚየሙ ያን ይቀዳል፤ ፎቶ ያለውም ከሣጥኑ አውጥቶ ያመጣል። ስለዚህ ጎብኚ የሚባለው ሰው ራሱ ምንጭ ሆነ ማለት ነው፤ አብዛኛው ክምችትም የተገኘው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለጎብኚ የሚያስረዱትም የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ከካርታው ሌላ ረጅም አቡጀዲ ተዘርግቷል፤ ሰው ስሙንና መልእክቱን ይጽፍበታል፣ ጽሑፉም ኋላ በክር ይጠለፋል።

በእኔ እምነት ብዙ የሰፈር ሙዚየም ሐሳብ የሚከሽፈው ሕንፃ እስኪገኝ ሲጠበቅ ነው። ሕንፃው ሲገኝ ሰፈሩን የሚያስታውሱት ሰዎች አይኖሩም።

በአዲስ አበባም ብዙ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸው በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትነዋል። የማን ቤት የት እንደነበረ የሚያውቁ አዛውንቶች ግን አሉ፤ የዕድር መዝገብም በአንዳንድ ጸሐፊ ቤት ይኖራል። የድሮ ሰፈራችሁን ዕድር ጸሐፊ የምታውቁ ካላችሁ፣ መዝገቡ የት እንዳለ በዚህ ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ።