በሕያው ሕዋስ ውስጥ የመድኃኒት ተሸካሚ ናኖ ቅንጣቶችን ጉዞ መከታተል፦ የካላዛር ሕክምና እንደ ማሳያ

ካላዛር ከአማራ ክልል ደጋማ አካባቢዎች ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን በብዛት ያጠቃል። የበሽታው መንስኤ የሆነው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰውነት ገብቶ ማክሮፋጅ በተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ይራባል። መኖሪያውም ሕዋሱ ባዕድ አካልን የሚፈጭበት አሲዳማ ከረጢት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ እዚያ ከረጢት ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል።

ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ ይህን መንገድ ይከተላል። ስፋቱ ከ100 ናኖሜትር የማይበልጥ የቅባት ሉል መድኃኒቱን በሽፋኑ ውስጥ ይዞ ይጓዛል፤ ማክሮፋጁም ይውጠዋል። ቅንጣቱ ፒኤቹ 6 ገደማ ከሆነው የመጀመሪያ ኢንዶዞም ተነሥቶ ፒኤቹ ከ5 ወደሚያንሰው ሊሶዞም ያመራል። መድኃኒቱ በመጨረሻ የጥገኛ ተሕዋሱን ሽፋን ኤርጎስትሮል ይዞ ሽፋኑን ያፈርሳል።

ጉዞውን ለማየት የሊፖዞሙ ቅባትና የከረጢቱ ሽፋን በተለያዩ ፍሎረሰንት ቀለሞች ይለያሉ፤ ሕዋሳቱም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሆነው በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በተከታታይ ይቀረጻሉ። የርቀቱ ካሬ አማካይ ከጊዜ ጋር በእኩል መጠን ካደገ ቅንጣቱ በዘፈቀደ ይዋልላል፤ ከዚያ በላይ ከፈጠነ ግን ሞተር ፕሮቲኖች በማይክሮቱቡል ላይ እየጎተቱት ነው።

በትርጓሜው ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የተራ ብርሃን ማይክሮስኮፕ የመለየት አቅም 200 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ የሁለት ቀለሞች መደራረብ ቅንጣቱ ከረጢቱ ውስጥ መግባቱን አያረጋግጥም፤ ከጎኑ ቆሞም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሚታየው ቀለሙ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም፤ ቀለሙ ከሊፖዞሙ ተላቅቆ ወደ ሌሎች ሽፋኖች ሊሸጋገር ይችላል። ስለሆነም ከምስሉ ጎን ለጎን በሕዋሱ ውስጥ ያለው የአምፎቴሪሲን መጠንና በሕይወት የቀረው የጥገኛ ተሕዋስ ብዛት መለካት አለባቸው።

ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ያልፋል። ኤችአይቪ ባለባቸው የካላዛር ሕሙማን ዘንድ በሽታው ደጋግሞ ያገረሻል። በጎንደርና በአብደራፊ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህንኑ መድኃኒት ከሚልቴፎሲን ጋር አጣምሮ መስጠትን ደግፏል። ለማገርሸቱ የመከላከል አቅም መዳከም ዋነኛ ድርሻ ስላለው ቅንጣትን መከታተል ብቻውን ሙሉ መልስ አይሰጥም። ነገር ግን መድኃኒቱ ሳይደርስ መቅረቱን፣ ደርሶ ሳይገድል ከመቅረቱ ለመለየት ያስችላል። የመጀመሪያው ተሸካሚውን ማሻሻልን፣ ሁለተኛው መድኃኒቱን መለወጥ ወይም ማጣመርን ይጠይቃል።