ፖከር፦ ካርታው ነው ወይስ ገንዘቡ?



ባለፈው ሰሞን ሩዋንዳ ሰፈር ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ የጎረቤቴ ልጅ አስቆመኝ። የኮሌጅ ተማሪ ነው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ፖከር እንደሚጫወትና አባቱ ለትምህርት የሰጡትን ክፍያ እንደተበላ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ቀጥሎ ግን ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ፖከር እኮ የጭንቅላት ጨዋታ ነው። እንደ ሎተሪ በዕድል ብቻ አይደለም። ታዲያ እንዴት ቁማር ይባላል?» አለኝ።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ የሚጠየቀው ከዑለማዎች ነው። የአንድን ነገር አመጣጥ መመርመር ግን የጋዜጠኛ ሥራ ነውና አንብቤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዳንድ ወገኖቻችን «ካርታ የፈረንጅ ነገር ስለሆነ ሐራም ነው» ሲሉ ይሰማል። ይህ አነጋገር አያስኬድም። የወረቀት ጨዋታ ከቻይና ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የገባው በሙስሊሞች አገር በኩል ነውና። ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መዘክር፣ ማየር የተባለ ተመራማሪ በ1931 ያገኘው፣ በግብፅ መምሉኮች ዘመን የተሠራ ካርታ አለ። ጥቂቱ ቢጎድልም ሙሉው 52 ነበር። ምልክቶቹ ዋንጫ፣ ዲናር፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ ናቸው። የሰው ሥዕል የለበትም፤ በሥዕሉ ፋንታ «መሊክ»፣ «ናኢብ»፣ «ሁለተኛ ናኢብ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ስፔኖች ዛሬም ካርታን «ናይፔ» የሚሉት «ናኢብ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል እንደሆነ ይታመናል። የፍሎረንስ ከተማም በ1377 «ናይቤ» ስለተባለው እንግዳ ጨዋታ የክልከላ ደንብ አውጥታለች። እንግዲህ ካርታውን ለአውሮፓ ያቀበሉት ሙስሊሞች ናቸው ማለት ነው፤ የምንኮራበት ነገር ባይሆንም።

ወደ እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ ቃሎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። «ካርታ» የጣሊያንኛ፣ «ቁማር» ግን የዐረብኛው «ቂማር» ነው። የመጫወቻውን ስም ከጣሊያን፣ የጥፋቱን ስም ከዐረብኛ ወሰድን። (የቤት ይዞታ ማረጋገጫም ካርታ መባሉን ልብ ይሏል። በካርታ የቤቱን ካርታ ያስበላ ሰው ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።)

ወደ ፖከር እንመለስ። ምንጩ የፋርሱ «አስ ናስ» ነው የሚል አባባል ለብዙ ጊዜ ሲወራ ኖሯል፤ የዘመናችን የካርታ ታሪክ አጥኚዎች ግን በቂ ማስረጃ አላገኙለትም። የተሻለ ተቀባይነት ያለው ከፈረንሳዩ «ፖክ» መጣ የሚለው ነው። ፈረንሳይ ሉዊዚያናን በ1803 ለአሜሪካ ከሸጠች በኋላ ጨዋታው በኒው ኦርሊየንስ አድጎ በሚሲሲፒ ወንዝ የእንፋሎት መርከቦች ላይ ተስፋፋ። ጆ ካወል የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ በ1829 በመርከብ ሲጓዝ ያየውን ጽፏል። በዚያ ዘመን ካርታው 20 ብቻ ነበር፤ ለአራት ሰው አምስት አምስት ይታደላል፣ ገንዘብ ይያዛል፣ ይገለጣል፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። መጀመሪያ ካርታው 52 ሆነ፤ ብዙ ሰው እንዲቀመጥ። ቀጥሎ ያልፈለጉትን ካርታ መቀየር መጣ፤ ከመቀየሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተቀየረ በኋላ ሌላ ጊዜ ገንዘብ ይጨመራል። ከዚያም ካርታው አንድ በአንድ እየተገለጠ፣ በተገለጠ ቁጥር ገንዘብ የሚጨመርበት ዓይነት መጣ። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚጫወቱት የቴክሳሱ ዓይነት አራት የመጨመሪያ ዙር አለው። የሁለት መቶ ዓመቱ «መሻሻል» ቢጠቃለል፣ ኪስ የሚከፈትበትን ጊዜ ከአንድ ወደ አራት ማብዛት ነው።

በ1970 ላስ ቬጋስ ላይ የዓለም ውድድር ተጀመረለት፤ በ1998 ኢንተርኔት ላይ በገንዘብ መጫወት ተቻለ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የቤተሰቡ ስም ትርጉሙ «ገንዘብ ሠሪ» ነው፤ እውነተኛ ስሙ ነው፣ ቀልድ አይደለም። እርሱን አይቶ ሥራውን የተወ ስንት ሰው እንደሆነ አላህ ይወቀው።

«የጭንቅላት ጨዋታ ነው» ለሚለው፣ እውነት ነው፣ ችሎታ አለበት። ባዶ እጁን ይዞ ያለው መስሎ ገንዘብ የሚጨምር ሰው፣ የተሻለ ካርታ የያዘውን አስፈራርቶ ያስጥለዋል። ግን ችሎታው በምን ላይ ነው? ወንድምን በማታለል ላይ አይደለምን? ደግሞስ ሸሪዓው የሚመለከተው ችሎታውን ብቻ አይደለም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች «መይሲር» ሲጫወቱ ግመል አርደው በአሥር ቀስት ዕጣ ያወጡ ነበር፤ ሰባቱ ድርሻ ያላቸው፣ ሦስቱ ባዶ። ባዶ የወጣበት የግመሏን ዋጋ ይከፍላል። አሸናፊው ሥጋውን ለድሆች ማደሉን እንደ ክብር ይቆጥረው እንደነበር የተፍሲር ሊቃውንት ጽፈዋል። አል በቀራ ምዕራፍ ላይ ጥቅም እንዳለው ተነግሮ ኃጢአቱ ግን እንደሚበልጥ የተገለጸው ይህንኑ ነው። ለድሃ ሲሰጥ እንኳ ያልተፈቀደ ነገር ለማታ ጨዋታ እንዴት ይፈቀዳል? («ትርፉ ለልማት ነው» የሚሉንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።) አል ማኢዳ ደግሞ በሰዎች መካከል ጠላትነትን እንደሚዘራና ከሶላት እንደሚያዘናጋ ያስረዳል። ልጁን ከእነማን ጋር እንደምትጫወቱ ጠይቄው ነበር፤ ከሁለቱ ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

አማርኛችንም ቢሆን በቁማር «በላ»፣ «ተበላ» ነው የሚለው፤ ማሸነፍና መሸነፍ የሚለው እምብዛም አይሰማም። አል ኒሳእ ምዕራፍ ላይ የተከለከለውም ያለ አግባብ የአንዱን ገንዘብ ሌላው መብላት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ በነገርኩት ማግስት እንደገና አገኘሁት። «ጋሼ፣ ያለ ገንዘብ ብንጫወተውስ?» አለኝ። ካርታን ያለ ገንዘብ ስለመጫወት ዑለማዎችን እንዲጠይቅ ነግሬው፣ «ግን ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?» አልኩት። ሳቀ። «ባለፈው ረመዷን ሞክረን ነበር። ሃያ ደቂቃም አልቆየን። የሚከስረው ነገር ስለሌለ ማንም ካርታውን ጥሎ አይወጣም፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ተሰላችተን ተነሣን።»

ለአባቱ እስካሁን አልነገራቸውም። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አብሬው ሄጄ እንድንነግራቸው ተስማምተናል።